ስለ ኩል፣ ስለ መፋቂያና ስለ መሪ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም ወንዶች ናቸው፤ ሦስቱም ከሥሩ የሚስቅ ፊት ለጥፈውበታል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ውጭ አገር መኪና እየነዱ መኳኳልን፣ ጸጉር ማበጠርንና ጥርስ መፋቅን የሚቀጣ ሕግ አለ፤ እኛም ይኑረን የሚሉ ሰዎች ተነስተዋል፤ ይህ ግን የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። ከዚያ ምክንያቱን ይደረድራል። ጎንደር ውስጥ መኪና ስለማይፈጥን አደጋ የለውም፤ ሕጉ ሴት ለማሳደድ ነው፤ ስልክ ሌላ ማበጠሪያ ሌላ፤ የለመደ ሹፌር ዓይኑን ጨፍኖም ይነዳል፤ በመጨረሻም ነገሩ ለትራፊክ ፖሊስ አዲስ ኪስ መስፋት ነው።

ጸሐፊውን አላውቀውም። የከተማችን ልጅ እንደሆነ ግን ያስታውቃል። አንቱ ልልህ አስቤ ነበር፤ ቀልድህን ሳነበው ታናሽ ወንድሜ መሰልከኝ፣ ስለዚህ አንተ ብዬህ ልቀጥል። እኔ ከአዘዞ ፒያሳ በየቀኑ የምመላለስ ሴት ነኝ። መኪናዬ ያረጀች ቪትዝ ናት። ኩል እወዳለሁ። ከላይ ተቀምጣ የምትፈርድ እንዳልመስልህ ከወዲሁ ልናገር፦ እኔም አድርጌዋለሁ። ወደዚያ እመጣለሁ።

በመጀመሪያ "የሀብታም አገር ቅንጦት" ያልከው። ሕጎቹን በአንድ ጆንያ ከተትካቸው እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። ካናዳ ውስጥ አልበርታ የሚባለው ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሥራ ላይ ያዋለው ሕግ ስልክን ብቻ ሳይሆን ማንበብን፣ መጻፍንና ራስን ማሰማመርን በስም ጠርቶ ከልክሏል። ጥርስ መቦረሽ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ጺም መላጨት፣ መኳኳል፣ ሁሉም አለበት። ቅጣቱ 300 የካናዳ ዶላርና በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 3 የጥፋት ነጥብ ነው። የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ያወጣችው ሕግ ራስን ማሰማመርን ይጠራል፤ ግን በዚያ የተነሳ አነዳድህ አደገኛ ከሆነ ነው የሚይዝህ። ዋሽንግተን የምትባለው ሌላኛዋ፣ ግዛቷ ማለት ነው (ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አገሩ ዳርና ዳር ናቸው)፣ በ2017 ያወጣችው ደግሞ ይለያል፦ ስትኳኳል ስላየህ ብቻ ፖሊሱ አያስቆምህም። ሌላ ጥፋት ስታጠፋ ካስቆመህና ያጠፋኸው በመኳኳልህ ከሆነ 30 ዶላር ይጨምርብሃል። እንግሊዞች በእጅ የተያዘ ስልክን ከ2003 ጀምረው በስም ከልክለዋል፤ ለሊፕስቲክ ግን የተለየ ሕግ አላወጡም፣ መኪናውን በሚገባ አልተቆጣጠርክም በሚለው ይዘውህ ይሄዳሉ።

እነዚህን አራት ነገሮች ለይተህ ብትጽፍ ኖሮ ጨዋታችን ሌላ በሆነ ነበር። እኔ የመጨረሻ ሐሳቤን የወሰድኩት ከነሱ ነው፣ እናየዋለን።

ቅንጦት ስላልከው ግን አንድ ቁጥር ልስጥህ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከመቶው 92ቱ የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ማለት ነው። ሬሳው የሚበዛው እኛ ጋ ነው። ቅንጦት የሚባል ነገር ካለ እንደነሱ ሰፊ መንገድና ደህና አምቡላንስ ኖሮህ መዘናጋት ነው። እኛማ ለመዘናጋትም አቅም የለንም።

ደግሞ እኛ ጋ ምንም ሕግ የሌለ አስመሰልከው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንባችን እየነዱ ሞባይል ማነጋገርን ይከለክላል። ማበጠሪያ የሚል ቃል የለበትም እንበል፤ እሺ። ከዚያስ? የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ክፈትና አንብበው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው የሚናገረው። ንኡስ አንቀጽ 2 ሹፌርን በስም ጠርቶ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይላል። ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ሹፌሩ በግልጽ የተደነገገ ደንብ እያወቀ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም ጠጥቶ ራሱን ስቶ ከሆነ ወደ ንኡስ አንቀጽ 3 ይወጣል፦ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር።

ልዩነቱን አየኸው? ሁለት ሹፌሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ አንድ አንድ ሕፃን ገጩ እንበል። እግዜር አያድርገው። አንዱ ስልክ ይዞ ነበር፤ ሌላው በስፖኪዮው ጺሙን በወረንጦ እየነቀለ። ስልክ የያዘው በስም የተከለከለ ነገር ጥሷልና ወደ 15 ዓመቱ ሊጎተት ይችላል። ባለወረንጦው "ወረንጦ የሚከለክል ደንብ አሳዩኝ" ብሎ ይከራከራል፤ ጠበቃው ጎበዝ ከሆነ 5 ዓመት ጣሪያው ነው። የሁለቱ ልጆች እናቶች ግን እኩል ነው የሚያለቅሱት። "ማበጠሪያን በሕግ መጥራት ቀልድ ነው" ላልከው መልሴ ይኸውልህ። በስም አለመጠራቱ ራሱ ለአንዳንድ ሰው ቅናሽ ሆኖለታል።

ሁለተኛው ነጥብህ ፍጥነት ነው። "ጎንደር ውስጥ ማን ከ40 በላይ ይነዳል?" አልክ። እውነት ነው፣ ብዙ አንፈጥንም። ግን እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 11 ሜትር ማለት ነው። ዓይንህን ለ3 ሴኮንድ ከመንገዱ ብታነሳ 33 ሜትር በጭፍን ሄድክ። አሥራ ሁለት ባጃጅ ተራ በተራ ብትደረድር የሚይዘው ርቀት ነው። አሁን ያንን 33 ሜትር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አስቀምጠው፣ በገበያ ቀን። ወይም ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ባሉት መንገዶች ላይ። የአስፋልቱ ዳር የእግረኛ ነው፣ መሀሉም የእግረኛ ነው፤ በጉ፣ አህያው፣ ጋሪው፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ሕፃን ሁሉ ይህንኑ መንገድ ነው የሚጋራህ። ውጭ አገር ያለ ሹፌር ሲዘናጋ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሌላ መኪና ቆርቆሮ ነው። እኛ የምናገኘው ሰው ነው።

አሁን የራሴን ልንገርህ። ክረምት ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አርፍጄ ነቃሁ። ቤቴ ቡና እንኳ ሳልጠጣ መኪና ውስጥ ገባሁ፤ ኩሌን ግን ያዝኩ። ቀኙን ዓይኔን መኪናዋን ሳሞቅ ተኳልኩ። ግራው ቀረ። ያልተኳለ አንድ ዓይን ይዤ ቢሮ ልገባ ነው? መንገዱ ቀጥ ሲልልኝ የጸሐይ መከላከያውን አወረድኩና በዚያች ትንሽ መስታወት ግራ ዓይኔን መሳል ጀመርኩ። ሰላሳ፣ ቢበዛ ሰላሳ አምስት ብነዳ ነው። ቀና ስል እንጨት የተጫነች አህያ መሀል መንገድ ላይ ቆማለች። ፍሬኑን እንዴት እንደረገጥኩት አላውቅም። ጎማው በጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ዞረች፣ ቆመች። አህያዋ ምንም አልሆነችም፤ ንቅንቅም አላለች። ኩሉ ግን ከዓይኔ ተነስቶ እስከ ጸጉሬ ድረስ ተሰምሯል። የአህያዋ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። መጥተው በመስኮቱ አጎንብሰው አዩኝና ምን አሉኝ መሰለህ፦ "ልጄ፣ የምትኳዪው ለሠርግ ነው ለለቅሶ?"

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

እና ወንድሜ፣ "በዝግታ ስለምንነዳ" የሚለውን ለእኔ አትንገረኝ።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ሴት ለማሳደድ ነው ያልከው። ስለ ሴቶች ማሰብህን አመሰግናለሁ። ግን በጽሑፍህ ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች ቆጠርኳቸው፤ ሊፕስቲክ፣ ኩል፣ ፓውደር፣ ሻሽ። ለምን የወንዶቹን ረሳህ? ፒያሳ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቆመህ እስቲ እይ። አንዱ የታክሲ ሹፌር ከመናኸሪያ በሌሊት ወጥቷል፣ ፊቱን አልታጠበም፤ በሃይላንድ ውኃ አንድ እጁ እየታጠበ በአንድ እጁ መሪ ይዟል። ሌላው አፉ ውስጥ መፋቂያ ሰክቷል። ባጃጅ ነጂው ሚዶውን ከኪሱ ያወጣና በስፖኪዮው ፍሪዙን ያስተካክላል፤ ያ ስፖኪዮ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ካየ ስንት ዘመኑ! ጺም በወረንጦ የሚነቅሉትንማ አልቆጥራቸውም፤ ቀይ መብራት ላይ የጀመሩት እስከ ሚቀጥለው ማዞሪያ ይቀጥላል። እነዚህ ሁሉ ወንዶች ናቸው። ራስን ማሰማመር የሚለው ቃል ሲነሳ ሴት ብቻ ትዝ ያለችህ አንተ ነህ፣ ሕጉ አይደለም።

የሠርጉን ነገርማ አታንሳው። ጥር ሲመጣ ከተማው ሙሉ ክላክስ ነው። ከፊት ያለው መኪና የኋላ በሩን ከፍቶ ቪዲዮ ቀራጩ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ ይቀርጻል፤ የሙሽራው መኪና ሹፌር ለካሜራው እንዲያምር ከረባቱን ያስተካክላል፤ ሚዜው ከጎኑ ሆኖ ላቡን በሶፍት ይጠርግለታል፤ ከኋላ ያሉት አጃቢዎች ግማሹ ቲክቶክ ላይቭ ገብተው በአንድ እጃቸው ይነዳሉ። ሁሉም ይስቃል። ሁሉም ሱፍ ለብሷል። እኔ ግን ሠርግ ሲያልፍ ዳር ይዤ እቆማለሁ።

አንድ ነገር ግን እቀበልሃለሁ። ደንቡ ቢወጣ መንገድ ላይ የሚያስቆሙት ሰዎች ቀድመው ሴት ሹፌር ዘንድ መሄዳቸው አይቀርም። እየነዳሁ አፍንጫዬን ስነካ እንኳ ከጎን ያለው ሹፌር "እቴ፣ መሪሽን!" ይለኛል፤ እሱ ስልክ ትከሻውና ጆሮው መሀል ሸጉጦ ነው። ይህ ግን የአፈጻጸም ችግር ነው። የመቀመጫ ቀበቶ ሕግም ደሃ ላይ ይበረታል፤ ቀበቶው ይቅር አላልንም።

አራተኛው ነጥብህ ላይ ግማሽ ልክ ነህ፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። "ስልክና ማበጠሪያ አንድ አይደሉም" ብለሃል። አሜሪካኖች መቶ መኪና ላይ ካሜራ ገጥመው ዓመት ሙሉ ሰውን ሲነዳ ተከታትለው ነበር፤ ውጤቱ በ2006 ወጣ። እየነዱ መኳኳል ለአደጋ የመጋለጥን ዕድል ወደ 3 እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል፣ ስልክ መደወል (ቁጥሩን መጫኑ ማለቴ ነው) ደግሞ ወደ 2.8 እጥፍ። ማለት ኩል ከስልክ አላነሰም። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ከ3,500 በላይ ሹፌሮችን ያካተተ ሰፊ ጥናት ታተመ፤ በዚያ ላይ ራስን ማሰማመር ወደ 1.4 ወርዶ ስልክ መደወል ወደ 12 ወጥቷል። እንግዲህ ይህንን አልደብቅህም፤ ስልክ ይብሳል።

ግን ሁለቱም ጥናቶች ላይ ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ነገር አለ። እቃ ለማንሳት መንጠራራት። በመጀመሪያው ጥናት የሚንከባለል እቃ ለመያዝ መሞከር ወደ 9 እጥፍ ነው፣ በሁለተኛውም ከስልክ ሌላ የሆነ እቃ ለማንሳት መንጠራራት ወደ 9 ነው። መኪና ውስጥ የገባ ዝንብ እንኳ በመጀመሪያው ጥናት 6 እጥፍ አካባቢ ነው፤ ዝንብ! አሁን ኩል የምትኳልበትን ነገር አስበው። ክዳኑ ወደቀ። ከመቀመጫው ሥር ገባ። ምን ታደርጋለህ? ትጎነበሳለህ። ማበጠሪያው ከእግርህ ሥር ከፍሬኑ ጋር ሄደ። ትጎነበሳለህ። መኳኳሉ 1.4 ይሁን ብንል እንኳ የሚወድቀው ነገር 9 ነው፣ ኩል ደግሞ መውደቅ ይወዳል።

ስለዚህ እኔ ነገሩን በእቃ አልለየውም። ዓይንህ የት ነው? እጅህ የት ነው? ሐሳብህስ? መፋቂያ አፍህ ውስጥ ቢኖር ዓይንህ መንገዱ ላይ ነው፤ ባይበረታታም ብዙም አያስጨንቀኝም። ኩል መስታወት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዓይንን ይወስዳል። በዚያው የመቶ መኪና ጥናት ከ2 ሴኮንድ በላይ ዓይንን ከመንገድ ማንሳት አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል ተብሏል። ኤርፎን ደግሞ ሐሳብን ይወስዳል። አንተ "በኤርፎን ካወራ ምን ችግር አለው" ያልከው እዚህ ላይ ነው የሳትከው፤ በ1997 ካናዳ ውስጥ በ699 ሹፌሮች ላይ የተሠራ ጥናት ስልክ እያወሩ መንዳት አደጋን ወደ 4 እጥፍ እንደሚያደርስና እጅ የማይዙበትም ዓይነት የተሻለ እንዳልሆነ አሳይቷል። እጅህ መሪ ላይ ሆኖ አንተ ከሚስትህ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ስትጨቃጨቅ ከፊትህ ያለውን ሰው እያየኸው አታየውም።

ቴሌብርስ? ረዳቱ "ሒሳብ ገብቷል?" ሲለው ሹፌሩ ስልኩን አንስቶ የሚያየው መኪናው እየሄደ ነው። ይህንን ማንም አልጻፈበትም።

አምስተኛውን ቶሎ ልለፈው። የለመደ ሹፌር ዓይኑን ጨፍኖም ይነዳል። አጎቴ ከጎንደር ሽሬ ለብዙ ዓመት ጭነት መኪና ነድቷል። ሊማሊሞን በቀን፣ በሌሊት፣ በጭጋግ ወርዷል። ልጅ ሆነን ስንጠይቀው "ሊማሊሞ ላይ ራዲዮ እዘጋለሁ፣ ረዳቴንም ዝም አሰኛለሁ" ይለን ነበር። የለመደ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ልምድ ያለው ሰው የት ቦታ መፍራት እንዳለበት ያውቃል።

ስድስተኛውና ከሁሉ የከበደው ነጥብህ ይህ ነው፦ "ለትራፊክ ፖሊስ አዲስ ኪስ መስፋት ነው።" እዚህ ላይ ቀልድህን ተውኩልህ። የአልበርታን ሕግ ቃል በቃል አምጥተን ብንለጥፈው የሚሆነውን አንተም እኔም እናውቃለን። አንዱ አስቁሞ "ጸጉርሽን ስትነኪ አይቻለሁ" ይላል። "አልነካሁም" እላለሁ። ማን ይመሰክራል? ስልክ ቢሆን ቢያንስ እጅ ላይ ይታያል፣ የደዋይ ሰዓትም ይወጣል። ማበጠሪያ ማስረጃ የለውም። ከዚያ መሀል ላይ ድርድር ይመጣል፤ የድርድሩን ቋንቋ ሁላችንም ከትንሽነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ስለዚህ በስም ዘርዝሮ በየመንገዱ ማስቆምን እኔም አልደግፍም።

ግን ከዚህ ተነስተህ "ስለዚህ ሕጉ ይቅር" አልክ፤ እዚያ ላይ ተለያየን። የዋሽንግተን ግዛቷን አስታወስካት? ሰላሳ ዶላሯን? እዚያ ፖሊሱ በማበጠሪያህ ብቻ ሊያስቆምህ አይችልም። መስመር ከሳትክ፣ ቀይ መብራት ከጣስክ፣ ሰው ከገጨህ ግን፣ ያኔ በእጅህ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለእኛ ይስማማል እላለሁ። ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛው፣ ደንቡ ውስጥ "ዓይንን ወይም እጅን ከመንዳት የሚነጥል ማናቸውም ተግባር" የሚል አንድ መስመር ገብቶ ራስን ማሰማመርንም በምሳሌነት ይጥራ። ሁለተኛው፣ ያለ ሌላ ጥፋት በዚህ ብቻ ማስቆም አይቻልም ይባል። ያኔ ጸጉሯን የነካች ሴት በከንቱ አትቆምም፤ ሰው የገጨው ባለወረንጦ ደግሞ "ደንቡን አሳዩኝ" ማለት አይችልም። ኪሱም አይሰፋም፤ አደጋ ደርሶ ሰው ተሰብስቦ እያየ መደራደር እንደዚህ ቀላል አይደለማ።

ይህንን ሐሳብ ብትተቸው ደስ ይለኛል። ግን ሳቅ ብቻ አትላክልኝ።

አንድ የቀረ አለ። ጽሑፍህን የዘጋኸው "ነገ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ማማተብም ሊከለከል ነው" ብለህ ነው። ብዙ ሰው የሳቀው እዚህ ላይ መሰለኝ። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ ነገሩ ልብ ይነካል፣ አውቃለሁ። ማማተብ አንድ ሴኮንድ ነው፤ ዓይን ከመንገድ አይነሳም፤ ማንም አይነካብህም። ግን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፊታቸውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ደጀ ሰላሙ አዙረው ሲሳለሙ ከፊታቸው የቆመውን ባጃጅ ከኋላ ገጩት። የተጎዳ የለም፣ ቆርቆሮው ብቻ ገባ። ባጃጅ ነጂው ልጅ ወርዶ መጣ። እንዳይሰድብ ሽማግሌ ናቸው፣ እንዳይስቅ ባጃጁ የሰው ነው። ትንሽ ቆመና እንዲህ አላቸው፦ "አባቴ፣ ለእኔም ይጸልዩልኝ። ግን ቆመው።"